«አራት ላይ ቆመሻል» ተብዬ ስለተተውኩበት ሌሊት

ለሆስፒታሉ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በምጥ ላይ ሳለሁ ስላልተሰጠኝ ማብራሪያ እና ሳልጠየቅ ስለተሰጠኝ መድኃኒት

ጤና ይስጥልኝ።

ልጄም እኔም ደህና ነን። ይህን የማስቀድመው በስልክ ቅሬታዬን ሳሰማ የሆስፒታሉ ሠራተኛ «ታዲያ ደህና ከሆናችሁ ምንድነው ችግሩ?» ስላለችኝ ነው። ችግሩ የሚከተለው ነው።

ማታ ምጥ ጀምሮኝ ስመጣ አዋላጇ መርምራኝ «ሦስት» አለች። የማህፀን በር እስከ 10 ሴንቲ መከፈት እንዳለበት አውቃለሁ። ለመጀመሪያ ልጅ፣ በዚያ ሰዓት፣ ሦስት ደህና ነው ወይስ ያሰጋል? እሱን የነገረኝ የለም። ሌሊት ላይ ሌላዋ መጥታ «አራት» አለች። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ «ሦስት ተኩል»። ወደ ኋላ ተመለሰ እንዴ ብዬ ጠየቅኩት። ጓንቱን አውልቆ ሄደ።

ቁጥሩ ለምን እንደሚዋዥቅ ከወለድኩ በኋላ ነው ያወቅኩት። ምርመራው በሁለት ጣት የሚደረግ ግምት ነው። በሁለት ባለሙያዎች መካከል የአንድ ሴንቲ ልዩነት ቢመጣ ብርቅ አይደለም። ይህን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። እኔ ግን ሰውነቴ ወደ ኋላ እየሄደ ነው ብዬ ስጨነቅ አደርኩ። ሳይጠይቁኝ የመረመሩኝም ነበሩ፤ እሱ ራሱን የቻለ ቅሬታ ነው።

ሊነጋጋ ሲል ሐኪሙ መጣ። «እናት፣ አራት ላይ ቆመሻል። አልሄደልሽም» አለኝ። የምጥ መከታተያ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙሮ አሳየኝ። ወደ ላይ የሚወጣ ሰያፍ መስመር አለ፤ የእኔ የ«ኤክስ» ምልክቶች ከመስመሩ በስተቀኝ ወጥተዋል። «በሰዓት አንድ ሴንቲ መሄድ ነበረብሽ» አለ። ልክ ፈተና የወደቅኩ ያህል ነው የተሰማኝ።

በዚህ መስመር ላይ ትንሽ ልቆይ። ቅሬታዬ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

«በሰዓት አንድ ሴንቲ» የሚባለው ነገር ረጅም ታሪክ አለው። ኢማኑኤል ፍሪድማን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የምጥን አካሄድ በግራፍ አስቀመጠ። በ1972 ደግሞ ፊልፖትና ካስል የተባሉ ሐኪሞች በዛሬዋ ዚምባብዌ ያንን ሰያፍ የማስጠንቀቂያ መስመር አሰመሩ። ሐሳባቸው ጥሩ ነበር። ልጅ መውጫ አጥቶ እናት ሳትጎዳ፣ በጊዜ ወደ ተሻለ ሕክምና ትድረስ ነው። ስለዚህ መስመሩን አጥፉት አልልም። የዘገየ ምጥ እውነተኛ አደጋ ሊሆን እንደሚችልም አልክድም።

ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መመሪያ ይህን አሠራር በግልጽ ቀይሮታል። በሰዓት አንድ ሴንቲ ለብዙ ሴቶች የማይደረስበት ፍጥነት ነው ይላል። ከዚያ በታች መሄድ ብቻውን ጣልቃ ለመግባት ምክንያት መሆን የለበትም ይላል። ምጥ ከ5 ሴንቲ በፊት በራሱ ጊዜ ላይፋጠን ይችላል። ስለዚህ እናትና ልጅ ደህና እስከሆኑ ድረስ ከ5 በፊት በመድኃኒት ማፋጠን አይመከርም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው አዲሱ የምጥ መከታተያ ቅጽ ያንን ሰያፍ መስመር ጨርሶ ትቶታል። መዝገቡ የሚጀምረው ከ5 ነው። 5 ሴንቲ ላይ 6 ሰዓት ከሞላ፣ 9 ላይ ደግሞ 2 ሰዓት ከሞላ ልብ በሉ ይላል። በሩ ሰፋ እያለ ሲሄድ የሚጠበቀው ጊዜ ያጥራል ማለት ነው። እኔ ገና አራት ነበርኩ። የእናንተ ወረቀት ግን ከአራት ጀምሮ ሰዓት ይቆጥርብኝ ነበር።

ከዚያ ግሉኮሱ ውስጥ መድኃኒት ተጨመረ። «ምንድነው?» አልኩ። «የሚያፋጥን ነው» ተባልኩ። ይደረግልሽ ወይ ያለኝ የለም። ሌላ አማራጭ፣ ለምሳሌ መጠበቅ፣ አለ ወይ ብዬ የምጠይቅበት ፋታም አልተሰጠኝም። የልጄ የልብ ምት ደህና ነበር፣ ትኩሳት የለኝም፣ ሽርት ውሃዬም አልፈሰሰም። ይህ ሁሉ ካርዴ ላይ ተጽፏል።

ብዙም ሳይቆይ ምጡ ትንፋሽ አሳጣኝ። አንዱ ሳይለቀኝ ሌላው ይይዘኛል። ኦክሲቶሲን የሚባለው ምጥ የሚያፋጥን መድኃኒት የሚሰጣት ሴት በቅርብ መታየት አለባት። ምጡ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ5 ጊዜ በላይ ከመጣ ልጁ የሚያገኘው ኦክስጅን ሊቀንስ ይችላል። የእኔን ግን የቆጠረ የለም። ተነስቼ ልራመድ ስል «ተኚ» ተባልኩ። ጤነኛ ምጥ ላይ ያለች ሴት ብትንቀሳቀስ፣ ብትቀመጥ፣ ብትቆም ይመከራል እንጂ አይከለከልም። እህቴም በር ላይ እንድትጠብቅ ተደረገ። አብሮ የሚሆን ሰው ማግኘት ምጥን እንደሚያግዝ መመሪያው ራሱ ይናገራል።

በነገራችን ላይ አንዲት ሲስተር ላመስግን። የጠዋት ተረኛ ናት፤ ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ ተረኛ ማን እንደነበረች መዝገባችሁ ያውቃል። ገና ስታየኝ የግሉኮሱን መቆጣጠሪያ ቀነሰች። መዳፏን ሆዴ ላይ አሳረፈች፣ በሌላው እጇ ሰዓቷን ይዛ ቆጠረች። የልጁን ልብ አዳመጠች። ከዚያ ፈቃዴን ጠይቃ መረመረችኝና «እህቴ፣ ቁጥሩ አሁንም አራት ነው። ግን በሩ በጣም ሳስቷል፣ ጭንቅላቱም ወርዷል። ሥራ ላይ ነሽ» አለችኝ። የመጀመሪያ ልጅ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በሩ ቀድሞ ይሳሳል፣ ከዚያ ይከፈታል አለች። ሽንቴን እንድሸና ረዳችኝ፤ የሞላ ፊኛ የልጁን መውረድ ሊያውክ ይችላል። በጎኔ አስተኛችኝ፣ ቆይታ አስቆመችኝ። እህቴንም አስገባቻት። ከሰዓት በኋላ ወለድኩ።

እሷ ያደረገችው ነገር ምንም ውድ መሣሪያ አልጠየቀም። ስለዚህ «የሰው ኃይል እጥረት አለብን» የሚለውን መልስ በከፊል ብቻ ነው የምቀበለው። ክፍሉ እንደተጨናነቀ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን «አራት» ብሎ ለመናገር ጊዜ የነበረው ሰው «አራት ችግር የለውም» ለማለትም አያጣም።

ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ያለ ፈቃዴ መድኃኒቱ ለምን እንደተጀመረ፣ ማን እንዳዘዘው፣ ከተጀመረ በኋላ የልጄ የልብ ምት በየስንት ደቂቃው እንደታየ በጽሑፍ ግለጹልኝ። በክፍሉ የምትጠቀሙበትን ቅጽም ከአዲሱ መመሪያ ጋር አስተያዩት። ምርመራ ያደረገ ሰው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ትርጉሙንም እንዲናገር አዟቸው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። የመውጫ ወረቀቴ ላይ «ምጡ በመዘግየቱ በመድኃኒት የታገዘ» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ጽሑፍ ለሚቀጥለው እርግዝናዬ ይተርፋል፤ ቀጣዩ ሐኪም አንብቦ ከወዲሁ «የሚዘገይባት ናት» ይለኛል። መድኃኒቱ ሲጀመር 4 ሴንቲ ላይ እንደነበርኩ፣ እናትና ልጅም ደህና እንደነበርን በግልጽ ተጨምሮ ወረቀቱ እንዲስተካከል እጠይቃለሁ። የተስተካከለውን ቅጂ መጥቼ እወስዳለሁ፤ ሲደርስ ካርዴ ላይ ባለው ስልክ ደውሉልኝ።

ከሰላምታ ጋር
በክፍላችሁ የተገላገለች እናት