ከአንድ ጥቅል ጨርቅ፦ የኪሞኖ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ለመጀመሪያው ስብሰባ የመጡት 23 ተማሪዎች አንድም ኪሞኖ፣ ማለትም የጃፓን ባህላዊ ልብስ፣ ሳያዩ ነው ወደ ቤታቸው የተመለሱት። ቅር እንዳላቸው ከፊታቸው ይነበብ ነበር። እነርሱ ለብሰው ፎቶግራፍ ሊነሡ ተዘጋጅተው መጥተዋል፤ እኔ ግን ከመርካቶ የገዛሁትን አቡጀዲ ይዤ ጠበቅኋቸው። ጨርቁን በቁመቱ ቀድደን ወርዱ 37 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 12 ሜትር የሆነ አንድ ወጥ ቅዳጅ አወጣንና ከቤተ መጻሕፍቱ በር እስከ ደረጃው ድረስ በኮሪደሩ ላይ ዘረጋነው።

የኪሞኖ ጨርቅ ከሸማኔው እጅ የሚወጣው በዚህ መጠን ገደማ ተጠቅልሎ ነው። ጃፓኖች ታንሞኖ ይሉታል፤ አንዱ ጥቅል ለአንድ ሰው አንድ ልብስ ይሆናል። በጠመኔ ምልክት አድርገን ቆረጥነው። ሁለት ረጃጅም የአካል ቁራጮች፣ ሁለት እጅጌዎች፣ ከፊት ለፊት የሚጨመሩ ሁለት ጠባብ ቁራጮች፣ ኮሌታና በኮሌታው ላይ የሚደረበው ሽፋን፤ በድምሩ 8። ሁሉም ቀጥ ባለ መስመር የተቆረጡ ናቸው። እንደ እኛ ሸሚዝ ለብብትና ለትከሻ ተጠማዝዞ የሚቆረጥ ነገር የለም።

የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ አንድ አባላችን የቆሻሻ ቅርጫቱን ይዞ ቁርጥራጭ ሊለቅም ወለሉ ላይ ተንበረከከ። የሚለቀም አልነበረም። ቀና ብሎ «ትርፉስ የት ሄደ?» አለኝ። ትርፉ እዚያው ልብሱ ውስጥ ነው። ለቀጭን ሰው ብዙ፣ ለወፍራም ሰው ጥቂት ጨርቅ በስፌቱ ውስጥ ታጥፎ ይቀራል እንጂ ተቆርጦ አይጣልም። አንድ ኪሞኖ ከ50 ዓመት በኋላ ተተርትሮ ለሌላ ሰው የሚሰፋውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ነገር በዓመቱ መጨረሻ እንዴት እንደጠቀመን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አንዳንድ ወላጆች «አዲስ አበባ ውስጥ የኪሞኖ ክበብ ለምን አስፈለገ?» ብለው ጠይቀውኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ለመምህራን ሥልጠና ኪዮቶ ከተማ አንድ ዓመት ተኩል ኖሬአለሁ። በየሳምንቱ እራት የሚጋብዙኝ አንዲት እናት ከእራት በኋላ ልብሳቸውን ከእንጨት ሣጥን እያወጡ ያሳዩኝ ነበር። ልመለስ ስል «ሴት ልጆቼ አይለብሷቸውም፤ አንቺ ግን ታያቸዋለሽ» ብለው ሦስቱን ሰጡኝ። ጃፓንን ለማወቅ መጓጓትም ለሀገራችን ሰው አዲስ አይደለም፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው እዚያ ድረስ ሄደዋል፤ ያዩትንም ለወገናቸው ጽፈዋል። የክበቡን ዓላማ በአንድ ቃል ተናገሪ ብባል «ማንበብ» እላለሁ። የክት ኪሞኖ ማን እንደለበሰው፣ ለምን ጉዳይና በየትኛው ወር እንደለበሰው ለሚያነብ ሰው ሁሉንም ይናገራል።

ከስብስባችን ሁሉ አብልጬ የምወደው ከእኒያ እናት ያገኘሁትን ኩሮቶሜሶዴ ነው። ከላይ እስከ ወገብ ጥቁር ነው፤ ሥዕሉ ያለው ከወገብ በታች፣ በጠርዙ ዙሪያ ብቻ ነው። ያገባች ሴት ከምትለብሳቸው የክት ኪሞኖዎች የሁሉም የበላይ ይህ ነው፤ በሠርግ ቀን የሙሽራውና የሙሽሪት እናቶች ይለብሱታል። ጥቁር ለሠርግ! ተማሪዎቼ ይህን ለመቀበል ሁለት ሳምንት ፈጅቶባቸዋል። የሐዘኑ ኪሞኖም ጥቁር ነው፤ እርሱ ግን ከላይ እስከ ታች አንዳች ሥዕል የለውም።

አምስት ነጫጭ የቤተሰብ ዓርማዎችም አሉበት። አንዱ ከማጅራት ዝቅ ብሎ ጀርባ ላይ፣ ሁለቱ በእጅጌዎቹ ጀርባ፣ ሁለቱ በደረት ግራና ቀኝ ናቸው። እያንዳንዱ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። እጃችንን ታጥበን፣ ቀለበትና አምባር አውልቀን፣ ከቤተ ሙከራ አጉሊ መነጽር ተውሰን አንድ በአንድ አየናቸው። ኪሪ የሚባለው ዛፍ ሦስት ቅጠሎች ወደ ታች ተዘርግተዋል፤ ከላያቸው ሦስት የአበባ ዘንጎች ቆመዋል፤ በመሐከለኛው ላይ 5፣ በግራና በቀኙ ላይ 3 3 አበባ አለ። አንዲት ተማሪ ነጩ ከላይ የተቀባ ቀለም መስሏት ነበር። በመነጽሩ ደጋግማ ካየች በኋላ «ይሄ እኮ ጨርቁ ራሱ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ሐሩ ጥቁር ሲነከር ዓርማው ያለበት ቦታ ቀለም እንዳይነካው ተከልሎ ነው የቀረው። ከዚያ ቀን በኋላ ልጆቹ ኪሞኖ ባዩ ቁጥር መጀመሪያ የሚቆጥሩት ዓርማ ነው። አምስት ከሦስት ይበልጣል፣ ሦስት ከአንድ፤ ምንም ዓርማ የሌለው ደግሞ ከሁሉም ዝቅ ይላል።

በኩሮቶሜሶዴው ኮሌታና ጠርዝ ሥር ሌላ ነጭ ልብስ የተደረበ ይመስላል። ሁለት ልብስ አይደለም፤ ድሮ ሁለት ይደረብ ስለነበር ዛሬ ዳርና ዳሩ ላይ ብቻ ነጭ ጨርቅ ይሰፋበታል። ለሠርግ የሚታሠረው መቀነትም፣ ማለትም ኦቢው፣ ጀርባ ላይ በድርቡ ነው የሚታጠፈው። ደስታው ይደራረብ ማለት ነው።

ማልበስ የጀመርነው በኅዳር ነው። መጀመሪያ ጣቱ የተከፈለው ካልሲ፣ ታቢ፣ ይጠለቃል፤ ኦቢ ከታሠረ በኋላ ጎንበስ ማለት ስለሚያስቸግር ነው። ቀጥሎ ናጋጁባን የሚባለው የውስጥ ልብስ፣ ከዚያ ኪሞኖው። የሴት ኪሞኖ ርዝመቱ ከለባሿ ቁመት ጋር ሊተካከል ይቀርባል፤ የሚተርፈው ወገብ ላይ ወደ ላይ ተስቦ በቀጭን ማሠሪያ ይያዝና እጥፋቱ ከኦቢው ሥር እኩል ወርዶ ይታያል። ይህን እጥፋት ያለ ሽብሽብ ማስተካከል ለእኔም እስከ ዛሬ ያደክመኛል።

አንድ የማይሻር ሕግ አለ። የልብሱ ግራ ጎን ከቀኙ በላይ ይውላል። ቀኙ ከግራው በላይ የሚሆነው ለሬሳ ብቻ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ መስታወት እያየች ስትለብስ ግራና ቀኙ ተምታታባትና ገልብጣ አሠረችው። ሳስረዳት ቀልጠፍ ብላ «እንደተዘቀዘቀ ነጠላ ነዋ!» አለች። እናቷ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከቤት ስትወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ማን ዐረፈ ብሎ እንደሚጠይቅ ነገረችን። እኔ ስንት ቀን ልፈልገው የምችለውን ማስረጃ ልጅቷ በአንድ ትንፋሽ አመጣችው። ከዚያ በኋላ የተሳሳተ የለም።

ኦቢውን ማሠር የሦስት ሰው ሥራ ሆነብን። የክቱ ኦቢ ወርዱ 31 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ርዝመቱ ከ4 ሜትር በላይ ነው። የእኛው ኪዮቶ ውስጥ ኒሺጂን በሚባለው የሸማኔዎች ሠፈር የተሠራ፣ በወርቃማ ክር ያጌጠ ነው። ከበድ ይላል። አንዲት ተማሪ ለብሳ ክፍሉን ስትዞር እርምጃዋ አጠረ፣ ጀርባዋ ቀና አለ። ያለወትሮዋ በዝግታ ስትናገር ስሰማም ደስ አለኝ።

በጥር ፉሪሶዴውን አወጣነው። ፉሪሶዴ ያላገቡ ወጣት ሴቶች የክት ልብስ ነው፤ እጅጌው ከክንድ ወርዶ በጣም ረጅም በሆነው ዓይነት እስከ ቁርጭምጭሚት ሊደርስ ይቃረባል። በጃፓን የጥር ወር ሁለተኛው ሰኞ የአዋቂነት በዓል ነው፤ ዘንድሮ በእኛ አቆጣጠር ጥር 5 ቀን ዋለ። ከ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በሕግ የአዋቂነት ዕድሜ 18 ቢሆንም አብዛኞቹ ከተሞች በዓሉን የሚያከብሩት አሁንም ለ20 ዓመት ወጣቶች ነው። በዚያው ሳምንት የክበቡ ሴቶች ልጆች ሁሉ የጥምቀት ቀሚሳቸውን ከሰፊ ቤት ያመላልሱ ነበር። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፤ ረቡዕ ስገባ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ፣ ከሥሩ ረጅም እጅጌ ተስሎበት አገኘሁት።

ስለ ሥዕሉም የምለው አለኝ። ሆሞንጊ የሚባለው የግብዣ ኪሞኖ ከአካሉ ጀምሮ በስፌቱ ላይ ተሻግሮ እስከ እጅጌው የሚሄድ አንድ ሥዕል አለበት። ጨርቁ መጀመሪያ በላላ ስፌት ልብስ ሆኖ ይያያዛል፤ ሥዕሉ ይነደፍበታል፤ ከዚያ ተተርትሮ ይቀለምና እንደገና ይሰፋል። የእኛው የተሠራው ዩዜን በሚባለው ስልት ነው። ስልቱ ስሙን ያገኘው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኪዮቶ ውስጥ ማራገቢያ ይሥል ከነበረው ከሚያዛኪ ዩዜን ነው። ቀለሞቹ እንዳይደባለቁ በየሥዕሉ ጠርዝ ከሩዝ የተሠራ ሙጫ እንደ ክር ቀጥኖ ይሠመራል፤ ሲታጠብ ሙጫው ይለቅና ቀጭን ነጭ መስመር ይቀራል። ከወንዶቹ አባላት አንዱ በዚህ ተስቦ ስለ ጃፓናዊው የጨርቅ ቀለም ጥበበኛ ስለ ኢቺኩ ኩቦታ የግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጅቷል። ኩቦታ በ20 ዓመቱ ቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ አንዲት የጥንት ጨርቅ ቁራጭ አይቶ አሠራሯ የጠፋባትን ያንን ጥበብ ሊመልስ ተነሣ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዓመታትን በሳይቤሪያ በምርኮ አሳልፎ ተመለሰ፤ የመጀመሪያ ዐውደ ርእዩን ያሳየው በ60 ዓመቱ ነው። ጋዜጣው አሁንም በመምህራን ክፍል በር አጠገብ አለ፤ እባካችሁ አንብቡት።

የወላጆች ቀን ትርኢታችን ጥሩ ነበር። ስለ እርሱ ፎቶግራፎቹ ይበቃሉ።

ስብስባችን አሁን 14 ደርሷል። ከስጦታዎቹ ሌላ አብዛኞቹን የገዛኋቸው ኪዮቶ ሳለሁ፣ በየወሩ በ21ኛው ቀን በቶጂ ቤተ መቅደስ፣ በ25ኛው ቀን በኪታኖ ቴንማንጉ ግቢ ከሚቆሙት ገበያዎች ነው። አሮጌ ኪሞኖ እዚያ ከአዲሱ ጋር በማይነጻጸር ዋጋ ይገኛል። የሚያስቸግረው መጠኑ ነው፤ የድሮ ሴቶች አጠር ያሉ ስለነበሩ እጅጌው የዛሬ ልጆችን አንጓ አይደርስም። ዘንድሮ አንድ ነገር ወስነናል፦ ከእንግዲህ ወደ ስብስቡ የሚገባው ስለ ራሱ የሚነግረን ነገር ያለው ብቻ ነው። ዋጋና ማዕረግም አንድ አይደሉም። በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው የዩኪ ትሱሙጊ ጨርቅ በእጅ ከተፈተለ የሐር ክር የሚሸመን እጅግ ውድ ነገር ነው፤ ሆኖም በወጉ መሠረት ለሠርግ አይለበስም። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሁሉ የክት አይሆንም። ይህ ሐሳብ ልጆቹን በጣም አከራክሯቸዋል፤ እኔ ደግሞ እጅግ እወደዋለሁ።

አሁን ስለ ሐምራዊው ልናገር። ከሦስቱ ስጦታዎች አንዱ ኢሮሙጂ ነው፤ ሥዕል የሌለው፣ አንድ ወጥ ቀለም፣ ጀርባው ላይ ያችኑ የኪሪ ዓርማ የያዘ። በ2016 ክረምት በፕላስቲክ ከረጢት አድርጌ የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ተውኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጃፓኖች ልብሱን በወረቀት ጠቅልለው በእንጨት ሣጥን የሚያኖሩት፣ በደረቅ ወራትም በጥላ ሥር አውጥተው አየር የሚያስመቱት በከንቱ አይደለም። ጥቅምት ላይ ስንከፍተው ነጩ ገበር በቢጫና በቡናማ ሻጋታ ተነቁጦ ነበር። ለሁለት ቀን ለማንም መናገር አልቻልኩም።

አንዳንዶቹ ቆርጠን ቦርሳ እንሥራው አሉ። በጃፓንም ያረጀ ኪሞኖ የልጅ ልብስ፣ ቀጥሎ የፍራሽ ጨርቅ፣ በመጨረሻም መወልወያ ይሆን ስለነበር ሐሳባቸው ነውር አልነበረም። የ9ኛ ክፍሉ ልጅ ግን «መጀመሪያ እንተርትረው፤ ተመልሶ ጥቅል ይሆናል ብለሽን የለ?» አለ።

ተረተርነው። የእጅ ስፌት ነው፤ ክሩ ከአንድ ጫፍ ሲሳብ ሳይበጠስ ይወጣል። ስድስት ረቡዕ ፈጀብን። በስፌቱ ውስጥ ተደብቆ የኖረው ሐር ከውጭው ይልቅ የጠለቀ ሐምራዊ ነበር፤ ብርሃን ነክቶት አያውቅምና። ከዋናው ሐር የተቆረጡትን ቁራጮች እንደ አቡጀዲው ከቤተ መጻሕፍቱ በር ጀምረን አከታትለን ዘረጋናቸው፤ እስከ ደረጃው ደረሱ። ሻጋታው የያዘው ገበሩን ነበር፤ ውጩ በለስላሳ ብሩሽ ጠራ። ክሬፕ የሚባለው ገጹ ሸካራ ሐር በውሃ ስለሚሰበሰብ አላጠብነውም። ገበሩን አስወገድነውና ያለ ገበር ልንሰፋው ተነሣን።

የጀርባው ስፌት የሚያልፈው በዓርማው መካከል ነው። ሲተረተር ዓርማው ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ መሐከለኛው የአበባ ዘንግ ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ቁራጭ ላይ። መርፌውን የያዘችው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሦስት ጊዜ ሰፋችው፣ ሦስት ጊዜ ፈታችው፤ በክር ውፍረት እንኳ ቢዛነፍ አበባው ይሰበራል። በአራተኛው ገጠመ።

ገበር የሌለው ኪሞኖ የሚለበሰው በእነርሱ አቆጣጠር በጁንና በሴፕቴምበር ነው። ጁን 1 በጃፓን ተማሪዎች የብርዱን ወራት ልብሳቸውን አስቀምጠው የሙቀቱን ወራት የደንብ ልብስ የሚለብሱበት ቀን ነው። እኛም በዚያው ሳምንት፣ ረቡዕ ግንቦት 27 ቀን፣ ሐምራዊውን ለሰፋችው ልጅ አለበስናት። ደመናው ወርዶ ነበርና ከክፍሉ አላወጣናትም። ጀርባዋን ለመስኮቱ ብርሃን ሰጥታ ቆመች። የ9ኛ ክፍሉ ልጅ ቀረብ ብሎ ዓርማውን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቆጠረ፦ 3፣ 5፣ 3።