በአንድ ፊደል የተነሣ

የካ አባዶ፣ ሐምሌ አጋማሽ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ያልጻፍሁልህ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ አፍሬ ነው።

አሁን የምኖረው ከከተማው ጫፍ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ሆኜ ሳይ፣ ከመጨረሻው ሕንፃ ወዲያ ያለው ባሕር ዛፍና የታረሰ መሬት ብቻ ነው። ትናንት ማታ ዝናቡ ሲበረታ መብራት ጠፋ። ሻማ ለኩሼ፣ ያንን በካላንደር ወረቀት የለበድህልኝን መዝገበ ቃላት አወረድሁና ያችን ቃል ፈለግሁ።

መቼም አትረሳውም። መምህራችን ጡረታ ሲወጡ ባነበብኸው የእንግሊዝኛ የምስጋና ጽሑፍ ላይ «ኢንጂኒየስ» ለማለት «ኢንጄኑየስ» አልህ፤ ብልኅ ልትላቸው ፈልገህ የዋህ አልሃቸው። እኔም ከተቀመጥሁበት ተነሥቼ በሰው ፊት አረምሁህ። አዳራሹ ሳቀ። አንተ ወረቀቱን አራት አጥፈህ ኪስህ ከተትህ።

ሁለቱ ቃላት ለካ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው! ሥርወ ቃላቸው «መውለድ» የሚል የላቲን ግሥ ነው። ኢንጂኒየስ የወጣው ከ«ኢንጌኒዩም» ነው፤ አብሮ የተወለደ ተሰጥኦ ማለት ነው። ኢንጂነር የምንለውም ከዚያው ዘር ነው። ኢንጄኑየስ ግን ከ«ኢንጌኑዉስ» መጣ፤ በሮም ነጻ ሆኖ የተወለደ ሰው ስም ነበር፣ ከባርነት ነጻ የወጣ አይጠራበትም። የእኛን «ጨዋ» አስበው። ድሮ የሰውን ዘር ይናገር ነበር፤ ዛሬ ጠባዩን ይናገራል። ኢንጄኑየስም እንዲሁ ከነጻ ልደት ወደ ግልጽነት፣ ከግልጽነት ወደ የዋህነት ሄደ።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ራሳቸው አንዱን በሌላው ቦታ ይጽፉ ነበር። ዛሬ የፈጠራ ችሎታን የሚያመለክተው «ኢንጄኑዊቲ» እንኳ በትውልዱ የኢንጄኑየስ ወገን ነው፤ ከመደባለቅ የተነሣ ትርጉሙ ወደ ወንድሙ ቤት ገባ፣ እዚያው ቀረ። አንተ የሳትኸው እነሱ ስተው ያጸደቁትን ነው። ይህን ሳነብ ሻማው እስኪያልቅ ተቀመጥሁ።

አንተ እኮ እንደ እኔ አላደረግህም። ከአብነት ትምህርት ቤት የመጣኸው አንተ፣ እኔ «ምሕረት»ን በሃሌታው ሀ ስጽፍ አይተህ አልሳቅህብኝም። ደብተሬን ወደ ራስህ ስበህ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ «በግእዝ መሀረ በሃሌታው ሀ አስተማረ ነው፤ በሐመሩ ሐ ሲሆን ግን ይቅር አለ ነው» ብለህ ጥጉ ላይ በእርሳስ ጻፍህልኝ። ለአንዳችን ጆሮ የማይለዩትን ሁለቱን ቃላት እስከ ዛሬ አልሳትኋቸውም።

ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ። መስከረም ላይ ጭቃው ሲደርቅ ብቅ በል፤ ከመጨረሻው ፌርማታ ወርጄ እቀበልሃለሁ። ያ ወረቀት ካለህ ይዘኸው ና። እንደ ጻፍኸው አንብብልኝ፣ እስከ መጨረሻው ልስማው።

ወንድምህ