ይድረስ ለታንከኛው ወንድሜ

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በጣም ጠፋሁብህ። ይቅርታ አድርግልኝ። ሥራ ነው፣ ኑሮ ነው ብል ሰበብ አይጠፋም። አንተ ግን ሰበብ ስለማትወድ እሱን እንለፈው። ዛሬ የምጽፍልህ አንድ ነገር ስለከበደኝ ነው። ይህን ነገር የሚረዳልኝ ደግሞ ከአንተ ሌላ ሰው የለኝም።

ትንሹ ልጄ፣ ያ ይዘነው ስንመጣ "ይሄ ወታደር ነው" ያልክለት ልጅ፣ ቃልህ ደርሶለታል። እግረኛ ነው። ኬንታኪ፣ ፎርት ካምቤል ነው ያለው። ሰሞኑን ደውሎ ሾፌር እንዳደረጉት ነገረኝ። እንዴት ደስ ብሎት ነበር መሰለህ! እኔም ደስ አለኝ። የአባቱን ሥራ ያዘ ማለት አይደል? ከዚያ የመኪናዋን ፎቶ ላከልኝ። እናቱ ከኋላዬ ቆማ አየችና "በሩ የታለ?" አለችኝ።

በር የላትም። ብረት ለበስ አይደለችም። ጥይት የሚመልስ አንድም ነገር የላትም። ወንበሮች፣ ጎማ፣ ሞተር፣ ብትገለበጥ እንዳትጨፈልቃቸው ደግሞ ከላይ የብረት ቱቦ። በቃ። አይ ኤስ ቪ ይሏታል፣ የእግረኛ ጓድ መኪና ማለታቸው ነው። ዘጠኝ ሰው ትይዛለች፤ አንድ ጓድ ከነትጥቁ። መሠረቷ ሸቭሮሌ ኮሎራዶ ነው፣ እዚህ ሰው ወደ ሥራ የሚሄድበት ፒካፕ። ዕቃዋ አብዛኛው ከገበያ የሚገኝ ነው። ሞተሯ 2.8 ሊትር ናፍጣ ነው። ባዶዋን 2 ቶን ከሩብ ገደማ ትመዝናለች፣ 1 ቶን ተኩል ገደማ ትጭናለች። ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር አንጠልጥሎ ይወስዳታል፣ ትልቁ ሄሊኮፕተር ቺኑክ ደግሞ ሆዱ ውስጥ ይከታታል። እንደ መካኒክ ከጠየቅከኝ ቆንጆ ሥራ ናት። ብትሰበር የትም ትጠገናለች።

እንደ አባት ስትጠይቀኝ ግን ምላሴ ይተሳሰራል።

የእኛን ክርክር ታስታውሰዋለህ። አንተ "ብረት የሌለው መኪና የሬሳ ሳጥን ነው" ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ "የአንተ ታንክ እስኪዞር በዋዟ ጂፕ ሦስቴ ሄጄ እመለሳለሁ" እልህ ነበር። አንድም ቀን ተስማምተን አናውቅም። አሁን የአሜሪካ ሠራዊት የእኔን ወገን ያዘና ልጄን ከፊት አስቀመጠው። አቋሜን አልለወጥኩም፣ እንዳትቸኩል! ግን ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ይህንንም ለማንም አልተናገርኩም።

አሜሪካኖቹ እዚህ የደረሱበትን መንገድ ቁጭ ብዬ አጠናሁት። ኢራቅ ሲገቡ ሃምቪ የሚባለው ወታደራዊ መኪናቸው ስስ ነበር። በየመንገዱ ፈንጂ ሲቀበርባቸው ወታደሮቹ ከቆሻሻ መጣያ የዛገ ብረት እየለቀሙ በር ላይ ይበይዱ ጀመር። በፈረንጆቹ 2004 ታኅሣሥ ላይ ኩዌት ውስጥ አንድ ወታደር ተነስቶ የመከላከያ ሚኒስትሩን ዶናልድ ራምስፌልድን ይህንኑ ፊት ለፊት ጠየቃቸው። መልሳቸው "ወደ ጦርነት የምትሄደው ባለህ ሠራዊት ነው" የሚል ሆነ። አገሩ ሁሉ ተቆጣ። ከዚያ ብረት መደራረብ ተያዘ። ከ2 ቶን ተኩል በታች የነበረው ሃምቪ ወደ 4 ቶን ተኩል ተጠጋ። አንተ ታንከኛ ነህ፣ እኔ ግን የመካኒኩን ሥቃይ አውቃለሁ። ለ2 ቶን የተሠራ ካምቢዮና ፍሬን ድርቡን ሲሸከም ምን እንደሚሆን ገምት። ኩርባ ላይ ይገለበጡ ነበር።

በ2007 የራምስፌልድ ተተኪ ሮበርት ጌትስ ኤምራፕ የሚባሉትን ከባድ ብረት ለበስ መኪኖች አመጡ፣ ሆዳቸው እንደ ቪ የሾለ፣ የፈንጂውን ኃይል ወደ ጎን የሚበትን። አብዛኞቹ 14 ቶንና ከዚያ በላይ ናቸው። ብዙ ነፍስ አድነዋል፣ ይህን የሚክድ የለም። ግን የመስኖ ቦይ ዳር ያለው አፈር ሲናድባቸው ውኃ ውስጥ ተገለበጡ። አፍጋኒስታን ሲገቡ ደግሞ ተራራው አልቻላቸውም፣ በ2009 ለዚያ አገር ቀለል ያለ ሌላ መሥራት ግድ ሆነ። እሱም ቢሆን ከ10 ቶን በላይ ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ ዞሩ። የአይ ኤስ ቪ ውል የተፈረመው በፈረንጆቹ 2020 ነው። በ2025 ግንቦት ላይ ሠራዊቱ ሃምቪም ሆነ ተተኪውን ብረት ለበስ መኪና መግዛት እንደሚያቆም አስታወቀ። እግረኛው ብርጌድ ሁሉ በቀላል መኪና የሚንቀሳቀስ ይሁን ተባለ። ምክንያታቸው ሞኝነት አይደለም። ከባድ መኪና ድልድይ ይመርጣል፣ ናፍጣ ይጠጣል፣ ከመንገድ አይወጣም። መንገድ የያዘ ደግሞ ይገኛል። በኤርትራው ጦርነት የነበረውን የአፍዓበትን ማነቆ ለአንተ አልነግርህም። ከፊት አንዱ ሲመታ ከኋላ ያለው ብረት ሁሉ ምን እንደሆነ አንተ በዓይንህ ያየኸው ነው። ይህን በማንሳቴ ካስከፋሁህ ይቅር በለኝ። አሁንም ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል።

ቻድንም አስታወስኩ፣ ሰሜኗን ሊቢያ በያዘችበት ጊዜ የተዋጋችውን። በ1979 ዓ.ም. ሬዲዮኑን ከበን የሰማነውን! እኔ ዘልዬ ስጮህ አንተ "ውሸት ነው" አልከኝ። ውሸት አልነበረም። ቻዶቹ ቶዮታ ላንድክሩዘር ላይ ሚላን ፀረ ታንክ ሚሳኤል ጭነው፣ በሐሰን ጃሙስ መሪነት፣ በፈረንጆቹ ጥር 2 ቀን 1987 ፋዳ ላይ የሊቢያን ጦር ደመሰሱት። ከ90 በላይ ቲ-55 ታንክ ወደመ። የአንተው ቲ-55! የቻዶቹ ሙታን ግን ሃያ እንኳ አልሞሉም፣ የጠፉት ቶዮታዎችም ሦስት ናቸው ተብሏል። በመጋቢት ዋዲ ዱም ያለውን ትልቁን የአየር ጣቢያ ወሰዱ። ታንኩ መድፉን እስኪያዞር እነሱ ከኋላው ናቸው። ጭንጫውንና አሸዋውን እንደ መዳፋቸው ያውቁት ነበር። ልጁ የመኪናዋን ነገር ሲነግረኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ይህ ነው፤ ልቤም ትንሽ ረጋ አለ።

ግን ታሪኩ እዚያ አያልቅም። እኔ ስንከራከር ይቺን ክፍል ሁልጊዜ እዘላት ነበር፣ አንተም አልያዝከኝም። በፈረንጆቹ ነሐሴ 8 ቀን ቻዶቹ በሰሜን ያለችውን አውዙን ያዙ። ሊቢያ አውሮፕላን ላከችባቸው። ከየቀኑ ድብደባ የሚያስጥላቸው ነገር አልነበራቸውም፤ ፈረንሳይም እዚያ ድረስ የአየር ሽፋን አልሰጥም አለች። ከወሩ ማብቂያ በፊት አውዙ ተመልሳ ሊቢያ እጅ ገባች። ያው ቶዮታ ነው፣ ያው ሾፌር ነው፣ ያው ጀግና ነው። ከመሬት የመጣውን ሁሉ በፍጥነት አመለጠው፣ ከላይ የመጣውን ግን ማምለጥ አልቻለም።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው ወንድሜ። ዛሬ ከላይ የሚመጣው ጄት ብቻ አይደለም። ዩክሬን ውስጥ የምታየውን አንተም ታየዋለህ። ያቺ ትንሽ ድሮን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ትበራለች። ጉድባና ሥር በበዛበት ሜዳ ላይ ግን ማንም ሾፌር፣ እኔም በደህናው ዘመኔ፣ ዘጠኝ ሰው ጭኖ ከ40 በላይ ቢነዳ ሰው ይበትናል። ወረቀት ላይ ያለው ፍጥነትና ሜዳ ላይ ያለው ፍጥነት አንድ አይደሉም። ሩሲያኖቹ በሞተር ሳይክልና በክፍት ባለ አራት ጎማ ጥቃት ይሞክራሉ፤ አንዳንዴ ያልፋሉ፣ ብዙ ጊዜ ግን ሜዳው ላይ ይቀራሉ። ዩክሬኖቹ መንገዳቸውን በመረብ ሸፍነው በዚያ ሥር ይነዳሉ። የአንተም ወገን ቢሆን አላመለጠም። ስንቱ ታንክ በትንሽ ድሮን ተቃጠለ! ብራድሌይ የሚባለው የአሜሪካ ብረት ለበስ ግን ተመትቶ ውስጡ ያሉት ወጥተው ሲሄዱ አይቻለሁ። ይህን ሳይ አንተ ትዝ አልከኝ። "አላልኩህም?" የምትለው በጆሮዬ መጣ።

የፔንታጎን ፈታሾችም ስለ አይ ኤስ ቪ የጻፉትን አንብቤዋለሁ። ለሦስት ቀን የሚበቃ ውኃና ስንቅ ከነሰዎቹ ለመጫን ቦታ ጠባብ ነው አሉ። የባሰው ግን ሌላ ነው። በጫካና በወጣ ገባ መሬት ሲነዱ ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ፍጥነት ሲፈልጉ ወደ ተሠራው መንገድ ይወጣሉ፤ በተሠራው መንገድ ላይ ደግሞ ጠላት ይጠብቃል። ሦስቴ አነበብኩት። አስበው! ብረቱን የሰጠነው ፍጥነትን ለማግኘት ነው፤ ፍጥነቱን የምታገኘው ደግሞ ብረት በሚያስፈልግህ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ምን ተረፈን?

ያም ሆኖ መኪናዋ መጥፎ ናት አልልም። ልጁ ራሱ በትክክል አስረድቶኛል። "አባ፣ ይሄ መዋጊያ አይደለም፣ ማድረሻ ነው" አለኝ። ድሮ በእግራቸው 40 ኪሎ ትጥቅ ተሸክመው ደክመው የሚደርሱትን መንገድ አሁን ተቀምጠው ያልፉታል። ከጠላት ዓይን ውጭ ይወርዳሉ፣ መኪናዋን ይደብቃሉ፣ የቀረውን በእግር። እንዲህ ከተሠራባት አምናለሁ፣ ከከባዱ ትሻላለች። ትንሽ ናት፣ ዛፍ ሥር ትደበቃለች፣ ድምፅዋም ዝቅ ያለ ነው። ዘጠኙን አንድ ቀን እንኳ ሳይደክሙ ማድረስ ራሱ ነፍስ ማዳን ነው።

እኔ የምፈራው የመውረጃውን ቦታ ነው። ሁለታችንም አዛዦች እናውቃለን። በመጀመሪያው ቀን አምስት ኪሎ ሜትር ቀርቶ ይወርዳሉ። ምንም አይነካቸውም። በሚቀጥለው ሦስት ኪሎ ሜትር። ከዚያ አንዱ ይቸኩላል፣ ዝናብ ይመጣል፣ ወታደሩ ይደክማል፣ "እስከዚያች ጉብታ ውሰደን" ይላል። ሾፌሩ ልጅ ነው። እምቢ አይልም። ብረት ያለው መኪና እንዲህ ያለ ስህተት ሲሠራ አንዳንዴ ይምርሃል። ይቺ ግን አንዴም አትምርም። ለእኔ የብረቱ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፤ ለሰው ድካምና ችኮላ የተቀመጠ ትርፍ ነው። እሱን ስታነሳው ያ ትርፍ ሁሉ አንድ የሃያ ምናምን ዓመት ሾፌር ጭንቅላት ውስጥ መግባት አለበት።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። እንዴት እንደምልህ... አንተ እንድታናግረው ፈልጌ ነው። እኔ ልነግረው ሞከርኩ። አልሆነልኝም። አባት ሲናገር ፍርሃት ይመስላል፣ እሱም "እሺ አባ፣ እሺ አባ" ይለኛል። አንተን ግን ይሰማሃል። አንተ ብረት ውስጥ ተቀምጠህ የዋልክ ሰው ነህ። ከታንክ ወርደህ በእግር የሄድክበትን ቀን ንገረው፤ ለእኔ አንዴ ብቻ ነው የነገርከኝ፣ ደግመህ እንድትናገረው ጠይቄህም አላውቅም። መቼ ማቆም እንዳለበት በምን እንዳወቅክ ንገረው። ሞተር አጥፍቶ ማዳመጥን አስተምረው። የጎማ ዱካ መሸፈንን። ሰማዩን የሚያይ አንድ ሰው ሁልጊዜ እንዲመድብ። ለአለቃ በአክብሮት "ከዚህ በላይ አልነዳም" ማለት እንዴት እንደሚቻል፣ እሱን በተለይ። ዝም ብሎ ያለፈ ሾፌርና ተናግሮ የቆመ ሾፌር ሁለቱንም እናውቃቸዋለን።

የፈለግከውን ያህል ተሳለቅብኝ። "ዋዝ ነጂው በመጨረሻ ወደ ታንከኛ ደጅ መጣ" በል። እችለዋለሁ። ብቻ እምቢ እንዳትለኝ።

ቁጥሩን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። አማርኛ ጥሩ ይሰማል፣ ሲናገር ነው የሚቀላቅለው፤ ቀስ በልለት። ቅዳሜ ማታ በእናንተ ሦስት ሰዓት ላይ ብትደውል እዚያ ቀትር አካባቢ ነው፣ ሥራ ከሌለ ያነሳልሃል። ካላነሳ ሜዳ ላይ ነው ማለት ነው፣ እሑድ ሞክርለት። "ጋሼ" ይልሃል፣ እንዳትከለክለው፣ እናቱ ናት ያስለመደችው። ስትጨርሱ ለእኔም ደውልልኝ። ምን እንደጠየቀህና ምን እንደመለስክለት ሁሉንም መስማት እፈልጋለሁ።

ወንድምህ