የታረመው ወረቀት ለተማሪው ይመለስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ። የፊዚክስ መምህር ነበርኩና እዚያም ዓይኔ ከሚያጠኑት ልጆች ላይ አይነሳም። በቅርቡ አጠገቤ የተቀመጠች የ12ኛ ክፍል ተማሪ የባዮሎጂ ደብተሯን ደጋግማ ታነባለች። ገጹ በቢጫ ቀለም ተሰምሮበት ነጭ ቦታ አልቀረውም። «ልጄ፣ እስቲ ደብተሩን ዝጊውና የጉበትን ሥራ ንገሪኝ» አልኳት። ሁለት ነገር ጠራችና ዝም አለች። «ጋሼ፣ አሁን እኮ አንብቤው ነበር» አለችኝ፤ እንባዋ ሊመጣ ደርሶ።

አንብባዋለች። ነገር ግን ደብተር ሲያዩ ማወቅና ደብተር ሳያዩ ማስታወስ ለየቅል መሆናቸውን የነገራት የለም። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንዱን ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ ያስታወሱት 40 በመቶውን ነው። በአንዱ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብበው በሦስቱ ጽሑፉን ሳያዩ የጻፉት ግን 61 በመቶውን አስታውሰዋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ግን የበለጡት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። ልጆቻችንን የሚያታልላቸው ይኸው ነው፤ ማታ የሸመደዱት ጠዋት ያለ ይመስላቸዋል። የአብነት ተማሪ የቃል ትምህርቱን በምሽት፣ ያለ መጽሐፍ ሲወጣ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ለልጅቷ ካለፉ ዓመታት የኢንትራንስ ጥያቄዎች 20 መርጬ፣ ሰዓት ይዤ አሠራኋት። ዘጠኝ ሳተች። ከዚያ እያንዳንዱን ለምን እንደሳተች ከጎኑ እንድትጽፍ ጠየቅኳት። አራቱን ጭራሽ አታውቃቸውም፤ እነሱን ማጥናት ነው። አምስቱን ግን ታውቃቸዋለች! አንዱ «ከሚከተሉት የጉበት ሥራ ያልሆነው የቱ ነው?» ይላል። «ሐሞት ማመንጨት» የሚለውን አየች፣ ትክክል ነው አለች፣ አጠቆረች፤ «ያልሆነው» የምትለዋን ቃል ዘላታለች። መልሱ «ኢንሱሊን ማመንጨት» ነበር፤ ኢንሱሊን የሚያመነጨው ምን እንደሆነ ስጠይቃት ወዲያው «ቆሽት» ብላ መለሰች። ሁለት ጥያቄ ደግሞ አንዱን ዘልላ ስታበቃ መልሱን በተሳሳተ ረድፍ ላይ በማጥቆሯ የሄዱ ናቸው። ይህን ድክመት ደብተር መቶ ጊዜ ቢነበብ አያስተካክለውም።

«የሚድ ፈተናሽንም አምጪውና እንየው» ስላት «ወረቀቱን አይሰጡንም፣ ውጤቱ ብቻ ነው የሚለጠፈው» አለች። ልቤ ያዘነው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት እንዲሁ ነበርና። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ጥያቄው ለከርሞ ይፈለጋል፣ በየክፍሉ 60 ልጅ የሚያርም መምህር ጊዜ የለውም፣ ወረቀቱ ሲመለስ ስለ ግማሽ ነጥብ ጭቅጭቅ ይነሳል። ሁሉም እውነት ነው። ቢሆንም 20 ጥያቄ ሠርቶ «11» የሚል ቁጥር ብቻ ያየ ልጅ በሚቀጥለው ፈተና ምን ያስተካክል?

በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። የመጽሐፍ እጥረቱንና የመምህራንን ኑሮ ወረቀት መመለስ አይፈታውም፤ በጀት የማይጠይቅ በመሆኑ ግን ነገ ሊጀመር ይችላል። ጥያቄው እንዳይወጣ የሚሰጋ ትምህርት ቤት ወረቀቱን ለአንድ ክፍለ ጊዜ አድሎ መልሶ ይሰብስብ። ተማሪው በዚያች 40 ደቂቃ የሳተውን በራሱ ደብተር ይገልብጥ፣ ከጎኑም «አላጠናሁትም»፣ «ጥያቄውን ሳልጨርስ መለስኩ»፣ «ረድፍ ስቻለሁ» ብሎ ይጻፍ። ወላጆችም ልጃችሁ ስንት እንዳመጣ ከመጠየቃችሁ በፊት የታረመውን ወረቀት አይቶት እንደሆነ ጠይቁልኝ። የዘንድሮ ተፈታኞች የሚዱ ወረቀት ሰኔ ሳይገባ እጃቸው ይግባ።

ጡረተኛ መምህር
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ