በር ላይ ስለሚሰለፉት ልጆች

ይድረስ ለወንድሜ፣ ድሬዳዋ

አቦ፣ እንደምን ከረምክ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ እማማ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ከአባባ ለቅሶ ወዲህ ቃል ሳንለዋወጥ መቅረታችን የሚያሳፍር ነው፤ ግን ማን ቀድሞ ጠፋ እያልን ብንነታረክ ወረቀቱ ያልቃልና እንተወው።

የምጽፍልህ ሰሞኑን እህትህ ባወራችኝ ነገር ነው። የፈረቃ ኃላፊ ሆነሃል አሉ፤ እንኳን ደስ ያለህ! ጠዋት ጠዋት ፓስታ ፋብሪካው በር ላይ ከሚሰለፉት የቀን ሠራተኞች መርጠህ የምታስገባው አንተ ነህ፣ ከፊሎቹን ደግሞ ኤጀንሲ ይልክልሃል አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም። እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ስመጣ የጀመርኩት ከሰልፈኞቹ ወገን ነዋ።

እዚህ ብዙ አዲስ መጪ አበሻ የመጀመሪያ እንጀራውን የሚያገኘው በኤጀንሲ ነው፤ መጋዘን፣ ማሸጊያ፣ ሥጋ ፋብሪካ። ደመወዝ የሚከፍልህ ኤጀንሲው፣ የሚያዝህ የፋብሪካው ሰው። እኔን ኤጀንሲው ቢሮው አስቀምጦ ቪዲዮ አሳየኝ፦ እሳት ቢነሳ በየት እንደሚወጣ፣ ከባድ ዕቃ እንዴት እንደሚነሳ። አስፈረመኝ። ፋብሪካ ስገባ የመስመሩ ኃላፊ «ሥልጠና ወስደሃል አይደል?» አለኝ፤ ወስጃለሁ አልኩት፣ እውነቴን ነው። ነገር ግን እኔ የቆምኩበት ማሽን ቪዲዮው ውስጥ የለም። ኤጀንሲው «ፋብሪካው ያሳየዋል» ብሏል፣ ፋብሪካው «ኤጀንሲው አስተምሮታል» ብሏል፤ መሀል ላይ የቀሩት የእኔ ጣቶች ናቸው። አትደንግጥ፣ አሥሩም አሉ።

ያልተረፈም አለ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 ፍሎሪዳ ጃክሰንቪል ውስጥ አንድ የ21 ዓመት ልጅ በኤጀንሲ በኩል መጠጥ ማሸጊያ ፋብሪካ ገባ። በመጀመሪያ ቀኑ፣ ካርቶን በፓሌት (በእንጨት ርብራብ) ላይ የሚደረድረው ማሽን ሥር የተሰበረ ጠርሙስ ሲያጸዳ ማሽኑ ተነሳና ገደለው። ፈረቃውን እንኳ አልጨረሰም። ኦሻ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ከመረመረ በኋላ ከ190 ሺህ ዶላር በላይ ቅጣት እንዲከፈል ጠየቀ። በ2013 ኤፕሪል መጨረሻ ላይም ተቆጣጣሪዎቹ በየሄዱበት ፋብሪካ «ጊዜያዊ ሠራተኛ አለ? በሚገባው ቋንቋ ሠልጥኗል?» ብለው እንዲጠይቁ አዘዘ። አቋማቸው ግልጽ ነው፤ ኤጀንሲውም ፋብሪካውም አሠሪ ናቸው፣ ኃላፊነቱን አብረው ይሸከማሉ። ጉዳት ከደረሰ ግን መዝገብ ላይ የሚያሰፍረው ሥራውን በየቀኑ የሚመራው ወገን ነው፤ ያ ማለት ባብዛኛው ፋብሪካው። ይቺን ነገር በጣም እወዳታለሁ። «ልጁ የእኛ አይደለም» ብሎ መሸሽ አይቻልማ።

የእኛም አገር አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 92 ላይ አሠሪው ሠራተኞቹ ስለ ሥራቸው አደጋና ስለ ጥንቃቄው እንዲያውቁ ያድርግ ይላል። ቋሚ ለሆነው ብቻ አላለም። ወረቀቱ አለ ወዳጄ፤ የጎደለው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በር ላይ ቆሞ የሚፈጽመው ሰው ነው፣ እሱም አሁን አንተ ሆነሃል።

ቆብና ጓንት ማደል ጥሩ ነው፣ «ደህንነት ይቅደም» የሚል ባነር መስቀልም አይጎዳም፤ ባነር ግን ማሽን አያቆምም። እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ጓጉንቸሩን ነው። እኛ ጋ ማንም ሰው ማሽን ውስጥ እጁን ከመክተቱ በፊት ብሬከሩን፣ ማለትም የመብራት ማቋረጫውን፣ አጥፍቶ የራሱን ቀይ ጓጉንቸር ይቆልፍበታል። ስሙና ፎቶው ያለበት ካርድ ይንጠለጠልበታል፣ ቁልፉ ከኪሱ አይወጣም። አምስት ሰው ከገባ አምስት ጓጉንቸር ይሰቀላል፤ የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ ድረስ ሥራ አስኪያጁ ቢመጣ አይበራም። ከተቆለፈ በኋላ ደግሞ ማስነሻው ይጫናል፣ በእርግጥ መሞቱን ለማየት። አየር የሚሠራበት ከሆነ የታመቀው አየር ይተነፍሳል፣ ወደ ላይ የተነሳ ነገር ካለ ይደገፋል፤ መብራት ስለጠፋ ብቻ ማሽን ተኛ ማለት አይደለምና። የጃክሰንቪሉ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ማን አሳየው? የእናንተ ሊጥ ማቡኪያ ሲጸዳስ እንዴት ነው የሚደረገው? አንዱ ጎንበስ ብሎ ሲፍቅ ሌላው ማብሪያው ጋ ቆሞ «አይዞህ፣ እኔ አለሁ» የሚለው ከሆነ፣ ያ ሰው ስልክ ሲደወልለት ምን እንደሚሆን አስበው። እንዲያውም የቀን ሠራተኛን ማቡኪያ ውስጥ እስከነጭራሹ ባታስገባው ደስ ይለኛል፤ ያ የጥገና ሰው ሥራ ነው።

ደግሞ ሙቀቱ። የድሬ ልጅ ሙቀት ምኑ ነው ትለኝ ይሆናል። ነገር ግን በርህ ላይ የሚሰለፈው የድሬ ልጅ ብቻ አይደለም፤ ከቁልቢ፣ ከጋራ ሙለታ ደጋ የወረደም አለበት፣ እሱን ማድረቂያው ክፍል ሙሉ ቀን ማዋል ግፍ ነው። እዚህ የሚመከረው አዲስ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሙቀት ውስጥ ከመደበኛው ሰዓት ከ20 በመቶ በላይ እንዳይሠራ፣ ከዚያ በየቀኑ ቢበዛ 20 በመቶ እንዲጨመርለት ነው። በሙቀት የሚሞተው ሠራተኛ በብዛት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት የገባው ነው፤ ሰውነት የሚለምደው ቀስ በቀስ ነውና።

ታውቃለህ፣ የዕለት ሠራተኛ አይጠይቅም። ነገ ከሰልፉ ውስጥ እንዳይታለፍ ይፈራል፤ እኛም «ነገ እንዳትመጣ» የሚል መልእክት እንፈራ ነበር። «ገባህ?» ብትለው ሳይገባው ራሱን ይነቀንቅልሃል። ስለዚህ አትጠይቀው፣ «እስቲ አሳየኝ፣ የቱን ተጭነህ ነው የምታቆመው?» በለው። እጁ ወዴት እንደሚሄድ ስታይ ታውቀዋለህ። በአማርኛ የማይገባው ካለ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ የሚያስረዳ ነባር ሠራተኛ መድብለት። የመጀመሪያ ሳምንቱንም ብቻውን አታቁመው።

አለቆችህ «ለአንድ ቀን ሠራተኛ ይህ ሁሉ?» ይሉህ ይሆናል። ሰዓቱ ይባክናል ይላሉ፤ አዎ፣ ይባክናል። እኔ ልከራከራቸው አልችልም። ያ ሰዓት ግን የሥራው ሰዓት ነው፣ ክፍያውም ለልጁ ይታሰብለት እንጂ ከሰልፉ በፊት በነጻ አታድርጉት። ከኤጀንሲው ጋር ስትፈራረሙ ደግሞ ማን ምን እንደሚያስተምር፣ ጫማና ጓንቱን ማን እንደሚገዛ፣ አንድ ሰው ቢጎዳ ማን ሐኪም ቤት እንደሚወስደውና ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይቀመጥ። በቃል የተባለው ሲመሽ ባለቤት ያጣል።

በጥር ወር አንድ የሠፈራችን ልጅ ከዚህ ወደ ድሬ ይመጣል፤ ጓጉንቸር ከነካርዱ እልክልሃለሁ። ስንት የጥገና ሠራተኛ እንዳለህ፣ ብሬከሮቹም ምን ዓይነት እንደሆኑ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ጓጉንቸሩን ብሬከሩ ላይ የሚይዘው መቆንጠጫ ከየብሬከሩ ጋር ስለሚለያይ ሳላይ ብገዛ ገንዘብ ማቃጠል ነው። እማማን ጉልበት ሳምልኝ።

ወንድምህ፣ ከኮሎምበስ