ፓርት ታይም ስንት ሰዓት ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ደሴ ውስጥ ነርስ ነኝ። አንድ የግል ክሊኒክ በፓርት ታይም ቀጠረኝ። ውሉ ላይ ደመወዝ አለ፤ ሰዓት ግን የለም። ስጠይቅ «እንደ ሥራው ሁኔታ» ተባልኩ።

የዱቲ ፕሮግራሜን ደመርኩት። በሳምንት 4 ሌሊት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2። 48 ሰዓት! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመደበኛ ሥራ ያስቀመጠው የሳምንት ጣሪያ እኮ ይኸው 48 ነው፤ በቀን ደግሞ 8። የኔ ደመወዝ ግን የሙሉ ሰዓት ሠራተኛ ግማሽ ነው።

ሊነጋጋ ሲል የጦሳ ተራራ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ዓይኔ እየተከደነ መድኃኒት በሲሪንጅ ስስብ መጠኑን ሦስቴ አያለሁ። ለበሽተኛው እፈራለሁ።

ቀጣሪዎች፣ እባካችሁ የሥራ ማስታወቂያው ላይ ቁጥሩን ጻፉት፦ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ስንቱስ ሌሊት?

ነርሷ፣ ከደሴ