የዙላን ካርታ ጥጉን አትቁረጡብን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ስላለችው የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ስለ ዙላ፣ ካወጣችሁት ጽሑፍ ጋር አንድ አሮጌ ካርታ አትማችኋል። ጽሑፉን ወድጄዋለሁ። ካርታው ግን እንቅልፍ ነሣኝ። እንጀራዬን የበላሁት ካርታ እየሳልኩ ነውና ከሥሩ «የዙላ ወደብ፣ 1868 ዓ.ም.» የሚለውን ሳይ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁና ደግሜ አነበብኩት።

1868 ዓ.ም. የጉንደትና የጉራዕ ዓመት ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ ከግብፅ ጦር ጋር የገጠሙበት። ያ ካርታ ግን የእንግሊዞች ነው። ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ በዘመተበት በ1860 ዓ.ም. የተሠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. 1868 ማለት ነው። «እ.ኤ.አ.» የምትለዋ ብትቀር ንጉሡም ተለወጠ፣ ጠላቱም ተለወጠ። የኛ ሰው በሁለት አቆጣጠር መሀል እየተንከራተተ እንደሚኖር ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ካርታ ላይ ሲሆን ግን ስሕተቱ ለብዙ ዘመን ይኖራል፤ ቆርጦ የሚለጥፈው አይጠፋምና።

ከዓመቱ ይልቅ ያናደደኝ ግን የተቆረጠው ጥግ ነው። የካርታው ስም፣ የሠሪው ማንነት፣ የምልክቶቹ መፍቻና ባለመስመሩ መለኪያ (ርቀት የሚለካበት የተከፋፈለ መስመር) ብዙውን ጊዜ የሚቀመጡት ጠርዝና ጥግ ላይ ነው። እናንተ ቦታ ሲጠባችሁ ይኼንኑ ቆረጣችሁና መለኪያውን «1 ለ ይህን ያህል» ብላችሁ በጽሑፍ ተካችሁት። ትልቁ ሉህ በጋዜጣችሁ ዓምድ ልክ ሲያንስ ያ ቁጥር ውሸት ይሆናል። ባለመስመሩ መለኪያ ቢኖር ኖሮ ከካርታው ጋር አብሮ ስለሚያንስ አንባቢው በማስመሪያ ለክቶ እውነቱን ያገኝ ነበር። በሥራዬ ዘመን ለጀማሪ መጀመሪያ የሚነገረው ይኼ ነበር።

ባሕሩ ላይ የተበተኑትን ቁጥሮችም «በሜትር» ብላችኋቸዋል። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ የባሕር ካርታ ጥልቀት የሚጽፈው በፋተም ነው፤ አንድ ፋተም 1.83 ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ 7 የተጻፈበት ቦታ ወደ 13 ሜትር ይጠልቃል። ተራራው ላይ ያሉት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሰረዞችም «የከፍታ መስመር» አይደሉም። ቁልቁለቱ ወዴት እንደሚወርድና ምን ያህል ቀጥ እንደሚል ያሳያሉ እንጂ ከፍታውን አይናገሩም። ሰረዙ ከተጨናነቀ በቅሎው ይቸገራል ማለት ነው።

ደግሞም ካርታው ለበቅሎ ነው የተሠራው። ወደ 13,000 ወታደርና ከ40,000 የሚበልጥ እንስሳ፣ 44 ዝሆን ጭምር፣ የሚጠጣ ውኃ እንደ ልብ በማይገኝበት ዳርቻ ሲራገፍ ሰዎቹን የሚያስጨንቃቸው ውኃ ነበር። የባሕሩን ውኃ በማሽን እያተነኑ ጨዉን ያስቀሩ ነበር። ባሕሩ ዳር ዳሩን ጥልቀት ስለሌለው መርከብ ማራገፊያ ረጅም መድረክ ወደ ውስጥ ሠሩ፤ ተራራው ሥር ወዳለው ወደ ኩማይሊ ሃዲድ ዘረጉ፣ ሲሄዱም ነቅለው ወሰዱት። ከዚያ የሱሩን ጠባብ ሸለቆ ይዘው ወደ ሰንዓፌ ወጡ። ከሕንድ የመጣው ቀያሽ ሌተናንት ካርተር ከዙላ እስከ መቅደላ ሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን እየቀጠለ ለካ። አብረው የመጡት ፎቶ አንሺዎችም ዋና ሥራቸው የመልክ ፎቶ ሳይሆን ካርታ እያነሡ ማባዛት ነበር። ይኼን የምጽፈው ካርታው የማን ዓይን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው። በዚያ ዳርቻ ከብቱንና ግመሉን የሚያሰማራው የሳሆ ሰው የራሱን አገር እንዲህ አይስለውም ነበር።

ስሞቹንም እዩ። እንግሊዞቹ ባሕረ ሰላጤውን «አንስሊ» ይሉታል፤ በእንግሊዛዊው መንገደኛ በሎርድ ቫለንሺያ የቤተሰብ ስም የተለጠፈበት ነው። ለአገሬው ግን ዙላ ነው። ዙላ የሚለው ስም የጥንቷ የአዱሊስ ስም ቅሪት እንደሆነ ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። እናንተም በአማርኛው ጽሑፍ «አንስሊ ቤይ» ብላችሁ መድገማችሁ ገርሞኛል።

ካርታ ላይ ያለ የባሕር ዳርቻ የአንድ ቀን ዳርቻ ነው። ወደ 2,000 ዓመት ገደማ የሚሆነው የግሪክ የባሕር ነጋዴዎች መጽሐፍ አዱሊስን ከባሕሩ 20 ስታዲያ ያርቃታል፤ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን፣ የመጣው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስም በመጽሐፉ ሥዕል ላይ አዱሊስንና ወደቧን ገበዛን ለየብቻ ነው ያሳየው። የሐዳስ ወንዝ ጎርፍ ደለል እያመጣ ከተማዋን ከአፈር በታች አስቀርቷታል፤ በ1860ም በኋላም ቆፋሪዎች ሲመጡ መቆፈር የነበረባቸው ያንን ደለል ነው። እኔ ራሴ ወጣት ሳለሁ በቆላ አገር የሚያልፍ አንድ ደረቅ ወንዝ ከአሮጌ ሉህ ላይ እንዳለ ገልብጬ በሮትሪንግ ቀለም አስምሬ አስረከብኩ። የሜዳ ቡድኑ ሲሄድ ወንዙ የለም፤ ጎርፉ ሌላ መንገድ ይዟል። ያን ሳምንት ሙሉ የሳልኩበትን የፕላስቲክ ፊልም በምላጭ ስፍቅ ነበር የከረምኩት። አለቃዬ ምንም አላሉም፤ በየጠዋቱ መጥተው ምላጩን ብቻ ያያሉ።

ስለ ባሕር በር ክርክር በተነሣ ቁጥር ደግሞ እንዲህ ዓይነት ካርታ ከየማኅደሩ ይወጣና በስልክ ይዞራል። አንዱ «የኛ ነበር» ይልበታል፣ ሌላው «አልነበረም» ይልበታል። ጥጉ ተቆርጦ፣ ዓመቱ ጠፍቶ ሲደርሰው ማንም የፈለገውን ያስነብበዋል። የናፒየር ቀያሾች የተላኩት ድንበር ሊያካልሉ አልነበረም፤ ጦሩን በሰላም ወደ መቅደላ አድርሰው ሊመልሱ ነው። ዛሬ ዙላ ኤርትራ ውስጥ ናት፤ ለማንም ወገን ጠበቃ የምትሆን ወረቀት ከዚያ ሉህ አይወጣም።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም ካርታውን እንደገና አውጡልን። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት፣ ጥልቀቱ በፋተም መሆኑን ጨምሩበት፣ ጠርዙንም እንዳለ ተዉት። ቦታ ከጠበባችሁ ከእኔ ደብዳቤ ቁረጡ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የካርታ ድራፍትስማን፣ አዲስ አበባ